ሐሳብ ሲደርቅ ወዴት? ስልክ፣ ሙዚየም፣ ቸርችል፣ ሽሮ ሜዳ ወይስ ጥያ

ባለፈው ዓመት አንድ ሰውዬ ለሚከፍተው ካፌ ሎጎ ሥሪልኝ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ፒንተረስት ላይ ተጥጄ ፎቶ ስሰበስብ ቆየሁና ከዛ ሁሉ አንዲት ቆንጅዬ ጀበና አውጥቼ ላፕቶፔን ይዤ በኩራት ሄድኩ። ሰውየው አየት አደረገና ምንም ሳይል ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ፣ አሜሪካ ያለ የሐበሻ ካፌ ነው፣ ያቺው ጀበና፣ አንገቷ ያው፣ እጀታዋ እንኳን በዛው በኩል። "እኔም እኮ ፒንተረስት አለኝ፣ የኔ እህት" አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ከዛ ወዲህ ሐሳብ ሲደርቅብኝ ከወንበሬ ተነስቼ መውጣት ጀመርኩ። ቢሮዬ አራት ኪሎ ስለሆነ ግማሹ በእግር ግማሹ በታክሲ የሚደረስ ነው፣ እና አንድ ዓመት ያህል የተለያየ ቦታ ሞክሬ የቱ ለምን እንደሚሆን ትንሽ ገብቶኛል ብዬ አስባለሁ። ይሄ ለዲዛይነር ብቻ አይደለም፣ ለእህቷ ሰርግ ምን እንደምታሰፋ ግራ የገባት አለች፣ ቤቱን ቀለም ሊያስቀባ የካርቶኑን ናሙና ሲያገላብጥ ሳምንት የፈጀ አለ፣ ፔጁ ላይ ምን እንደሚለጥፍ ያለቀበት አለ። ሳወዳድር የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ሰዓት ይበላል፣ ስንት ብር ይበላል፣ እና ይዤው የምመለሰውን ነገር ሌላ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊያገኘው ይችል ነበር ወይ? ሦስተኛዋ ናት ያቺን ጀበና የገደለችው።

ስልኩ

ከስልክ እንጀምር ምክንያቱም ሁላችንም ከዛ ነው የምንጀምረው። ርካሽ ይመስላል፣ ፓኬጁን ስትደምሩት ግን ርካሽም አይደለም። ትልቁ ችግሩ ትናንት የወደድከውን ዛሬ መልሶ ማምጣቱ ነው፣ አንዴ ቡናማ ሳሎን ላይክ ካደረጋችሁ ወር ሙሉ ቡናማ ሳሎን ነው። ሁለተኛ ደግሞ መጠን አያሳይም። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል በስልክ ሺ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ 150 ካሬ ሜትር እንደሆነም አውቅ ነበር፣ ግን 150 ካሬ ሜትር መስታወት ብርሃኑን የሚያደርገውን ነገር በስድስት ኢንች ስክሪን ማየት ማለት ወጥ በፎቶ መብላት ነው።

ስልክ የሚጠቅመው ከተመለሳችሁ በኋላ ነው። የአንድ ነገር ስም ካወቃችሁ፣ ማለትም ጥለት፣ መነን፣ ቡልኮ፣ ያኔ በአማርኛ ጽፋችሁ ስትፈልጉ ሌላ ዓለም ይከፈታል፣ ቴሌግራም ላይ ሸማ የሚሸጡት ሰዎች ብቻ ስንት ዓይነት እንደሚለጥፉ! ስሙን ሳያውቁ "ሐበሻ ዲዛይን" ብሎ መፈለግ ግን ሁላችንም ያየነውን ያመጣል።

ሙዚየም፣ አንድ ብቻ ከሆነ

አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ መሀል በእግር በሚያልቅ ርቀት ሦስት ሙዚየም አለ፣ እና ሰው ሁሉ የሚያውቀው ብሔራዊ ሙዚየሙን ነው፣ በትምህርት ቤት ተሰልፈን የሄድነው። ድንቅነሽ እዛ ናት፣ በ1967 ዓ.ም አፋር ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት (ለዕይታ የቆመው ቅጂው ነው፣ ዋናው አጥንት ተቀምጧል)። ሰው እሷን አይቶ ይወጣል፣ ፎቅ ላይ ያሉት ሥዕሎች ጋ ሲደርስ እግሩ ደክሞታል። ስለዚህ ሐሳብ ፈልጋችሁ ከሆነ የሄዳችሁት ገልብጡት፣ መጀመሪያ ፎቁን እዩና ሉሲን መጨረሻ ላይ።

የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ደግሞ ስድስት ኪሎ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜ ስሄድ ብቻዬን ነኝ ማለት ይቻላል። ሰውየው ሠዓሊም ገጣሚም ነበር፣ ሐረር ተወልዶ ጀርመን ተምሮ መጨረሻው አሜሪካ የሆነ፣ እና ቀለም ግራ ሲገባኝ የምሄደው እዛ ነው። ቀለም ሲጎድላችሁ ብዙ ቀለም ያለበት ቦታ መሄድ አያዋጣም፣ አንድ ሰው በጥቂት ቀለም ምን እንዳደረገ ማየት ይሻላል። እኔን ከብዙ ጣጣ አድኖኛል።

ግን አንድ ብቻ ምረጪ ብባል ያለ ምንም ማመንታት የስድስት ኪሎውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለውን፣ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው። ለምን መሰላችሁ? የዕቃው ብዛት አይደለም፣ አደራደሩ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን የአማራ ክፍል፣ የኦሮሞ ክፍል፣ የሲዳማ ክፍል ብለው ይደረድሩት ነበር፣ እዚህ ግን የተደረደረው በሰው ዕድሜ ነው፣ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ከአንድ ጥግ ያለ የልጅ መጫወቻና ከሌላ ጥግ ያለ የልጅ መጫወቻ ጎን ለጎን። መጀመሪያ ሳየው እኔ ለአንድ የልብስ ሱቅ ካታሎግ እየሠራሁ ነበር፣ ቀሚስ በቀሚስ፣ ጃኬት በጃኬት ደርድሬው ሞቶብኝ፣ ከዛ ወጥቼ በሰዓት ደረደርኩት፣ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚለበስ፣ ምሳ ሰዓት፣ ማታ ለቅሶ ቤት የሚገባበት። በቃ ነፍስ ዘራ።

ስትወጡ ደግሞ ሕንፃው ፊት ለፊት የቆመችውን የትም የማታደርስ ደረጃ እይዋት። ፋሺስቶቹ ናቸው የሠሯት፣ ለሥልጣን ዘመናቸው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ። እነሱ ከተባረሩ በኋላ ማፍረስ ቀላል ነበር እኮ፣ አላፈረሷትም፣ አናቷ ላይ አንበሳ አስቀመጡባት። ከዚህ በላይ ንጹሕ ዲዛይን አላውቅም፣ አንድ ነገር ብቻ ጨምረህ የነበረውን ትርጉም በሙሉ መገልበጥ።

አፍሪካ አዳራሽ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፣ በ1953 ዓ.ም የተመረቀ፣ በቅርቡ ታድሶ በ2017 ጥቅምት እንደገና የተከፈተ ነው፣ ግን የተመድ ግቢ ስለሆነ ዝም ብሎ ሰተት ተብሎ የሚገባበት አይደለም፣ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ መታወቂያ ያዙ። ዛሬ ሐሳብ የደረቀበት ሰው ዛሬ የሚሄድበት አይደለም ለማለት ነው።

ቸርችል፣ ነጻ ነው

ገንዘብ የለኝም ሰዓትም የለኝም ለሚል ሰው መልሴ ቸርችል ነው። ከማዘጋጃ ቤት ተነስታችሁ እስከ ለገሃር፣ ከ2 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ማዘጋጃውን የሠራው ያው አፍሪካ አዳራሽን የሠራው ጣሊያናዊ አርክቴክት ነው፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ፣ በ1957 ዓ.ም የተመረቀ። እኛ ጉዳይ ለማስፈጸም ስለምንሮጥበት ቀና ብለን አናየውም እንጂ ከታች መንገዱ ላይ ቆሞ ላየው ሰው ቁጭ ብሎ ከተማውን የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

የዚህ መንገድ ትልቁ ትምህርት ግን ሁለቱ አንበሶች ናቸው። አንደኛው ለገሃር ያለው ነው፣ ለ1923ቱ ንግሥ የቆመ፣ ዘውድ የደፋ፣ ጣሊያን ዘርፎ ሮም ወስዶት የነበረው፣ ከዘርዓይ ደረስ ታሪክ ጋር ስሙ የሚነሳው፣ በ1950ዎቹ የተመለሰ። ሁለተኛው ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያለው ግዙፉ ድንጋይ አንበሳ ነው፣ ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራጺ ለ1948ቱ የብር ኢዮቤልዩ የሠራው። አስቡት፣ አንዱ ለንግሡ፣ አንዱ ለንግሡ 25ኛ ዓመት፣ ያው ንጉሥ፣ ያው የይሁዳ አንበሳ፣ ያው መንገድ ጫፍና መሀል፣ ግን ሁለቱ በፍጹም አይገናኙም። የለገሃሩ አንበሳ አንበሳ ነው፣ ጡንቻው አለ፣ ጋማው ጸጉር ነው። የካልካው ደግሞ ማዕዘን ነው፣ እንደ ሕንፃ የቆመ።

አንድ ቅዳሜ ደብተር ይዤ ሄጄ ለራሴ ሕግ አወጣሁ፣ እያንዳንዱን በአሥር መስመር ብቻ መሣል፣ አሥራ አንደኛ የለም። የለገሃሩን በአሥር መስመር ስሥለው የታመመ ውሻ ሆነብኝ (የጫማ ጠራጊው ልጅ "ይሄ ፍየል ነው እቴ?" ብሎ አዋረደኝ)። የካልካውን በስምንት ጨረስኩት፣ ሁለት መስመር ተረፈኝ። ሎጎ ማለት ምን እንደሆነ አምስት ዓመት ሠርቼ ያልገባኝ ያኔ ነው የገባኝ፣ ሲያሳንሱት የማይሞት ቅርፅ ማለት ነው። እና የለገሃሩ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ እኔ በግሌ የምወደው እንዲያውም እሱን ነው፣ ግን ለቢዝነስ ካርድ አይሆንም።

እግረ መንገዳችሁን ትግላችን ሐውልትን ታገኛላችሁ፣ ቀይ ኮከቡን፣ የዕቃ መሸጫ ሱቆቹን፣ ፖስታ ቤቱን። በአንድ መንገድ ላይ የንጉሡ ጊዜ፣ የደርግ ጊዜ፣ የአሁኑ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አምፖል ተደርድሯል። ስለ አዲሶቹ መንገዶች ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው፣ ለመሄድ ተመችተዋል፣ ማታ በእግር መንሸርሸር ደስ ይላል፣ ግን ፒያሳ በፊት የነበሩት በእጅ የተጻፉ የሱቅ ታፔላዎች፣ ያ እያንዳንዱ ሠዓሊ "ጸ"ን በራሱ መንገድ የሚያጣምምበት፣ አብረው ሄዱ። ያልፈረሰ ሰፈር ውስጥ ካያችሁ ፎቶ አንሱ፣ በኋላ ፊደል ስትፈልጉ ታመሰግኑኛላችሁ። የታክሲ ውስጥ ጥቅስም እንደዛው፣ እነሱ ግን ቶሎ የሚያልቁ አይመስለኝም።

ሽሮ ሜዳ፣ እኔ ብዙ የምቀመጥበት

እሺ ሽሮ ሜዳ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትሉ ነው፣ ታክሲ አለ። ሁለት ሽሮ ሜዳ አለ፣ አንዱ ሱቆቹ ናቸው፣ ቀሚስ የተሰቀለበት፣ "እህት ግቢ፣ ማየት ነጻ ነው" የሚባልበት። ፋሽን የፈለገ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘንድሮ ምን ቀለም እንደሚለበስ፣ ጥለቱ ወደ ደረት ወጥቶ ይሁን ወደ ታች ወርዶ፣ ሁሉን ያውቀዋል። ማስጠንቀቂያ፣ በዓል ዋዜማ አትሂዱ፣ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ያለ ሕዝብ ነው፣ ጥር መግቢያ ላይ ዋጋውም ግፊያውም አይቻልም።

እና ሁሉ ጥለት ጥለት አይደለም። ፋብሪካ ያተመው ጨርቅ ገብቷል፣ ከሩቅ ሽመና ይመስላል። መለያው ቀላል ነው፣ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። የተሸመነ ከሆነ በጀርባ ክሩ ሲመላለስ ይታያል፣ በእጅ ሲዳሰስ ጉብ ጉብ ይላል፣ የታተመ ከሆነ ጀርባው የደበዘዘ ሥዕል ብቻ ነው። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ገልብጡት።

ሁለተኛው ሽሮ ሜዳ ከሱቆቹ ጀርባ ያሉት ሸማኔዎቹ ናቸው፣ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ወይም የነሱ ልጆች። እኔን አንዲት የማውቃት ነጋዴ ናት የወሰደችኝ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ መሬቱ ተቆፍሮ ሽማግሌው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸው ከታች ይሠራል፣ እጃቸው መወርወሪያዋን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ነጩን ሲሠሩ እንደ ዝናብ ነው ድምፁ፣ ጥለቱ ጋ ሲደርሱ ግን ዝም አለ። ጎንበስ ብለው ድሩን በጣታቸው ጫፍ መቁጠር ጀመሩ፣ አንስተው፣ ትተው፣ አንስተው፣ በመሀሉ ቀዩን ክር አሳልፈው፣ ከዛ ነጭ ማግ፣ ጠቅ፣ እንደገና ቆጠራ። በወረቀት የተሣለ ነገር ፊታቸው የለም።

"አባባ፣ ይሄን ክብ ማድረግ አይቻልም?" አልኳቸው፣ የካፌው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ስለነበር።

ሳቁብኝ። "ክብ? ክር ክብ አያውቅም ልጄ። ድሩ ወዲህ ነው፣ ማጉ ወዲያ ነው። ክብ ከፈለግሽ ደረጃ ደረጃ እያረግሁ ነው የማዞርልሽ፣ አንቺ ከሩቅ ክብ ነው ትያለሽ።"

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ያየሁት ነገር ነው እኮ! ፒክሴል ነው፣ ስክሪኑ የተሠራበት ትንንሽ ካሬ! ስክሪኑ ላይ ያለ ክብ ሁሉ ሲጠጉት ደረጃ ነው። ጥለት ለምን ሁልጊዜ መስቀል፣ ዚግዛግና አልማዝ እንደሚሆን ጠይቄ አላውቅም ነበር፣ ባህላችን ነው ብዬ ነበር የማልፈው፣ ለካ ክሩ ነው መጀመሪያ የወሰነው፣ ባህሉ ከክሩ ጋር ተስማምቶ የኖረ። ቤት ገብቼ ያቺን ጀበና ከሰረዝኩ በኋላ ካሬ በተሰመረበት ወረቀት ላይ፣ ጥምዝ መስመር ለራሴ ከልክዬ፣ ደረጃ በደረጃ ሌላ ጀበና ሠራሁ። ሰውየው ስልኩን አላወጣም። ዋጋ ግን አስቀነሰኝ፣ ይሄ ሌላ ታሪክ ነው።

ከስልኩ ጋር ሲወዳደር እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ልዩነቱ፣ ስልክ ያለቀ ነገር ነው የሚያሳየው፣ ያለቀ ነገር ደግሞ ከመኮረጅ ሌላ ምን ይደረጋል? እየተሠራ ያየኸው ነገር ግን ጨርቅ ትቶ ሎጎ፣ ሎጎ ትቶ የቤት ንጣፍ ይሆናል። ሙዚየምም በዚህ በኩል ይቸግራል፣ ዕቃው መስታወት ውስጥ ነው፣ የሚጠየቅ ሰው የለም።

መርካቶ በአጭሩ

መርካቶን ያልጻፍኩት ረስቼ እንዳይመስላችሁ። ሰልባጅ ተራ ፋሽን ለሚወድ ሰው ትምህርት ቤት ነው፣ የጃኬት ስፌት ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አሮጌ ጃኬት ገዝቶ መፍታትን የመሰለ የለም፣ ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ የተማረችው እንደዛ ነው። ምን አለሽ ተራ ደግሞ በርሜሉ ምድጃ፣ ቆርቆሮው ማሰሮ፣ ጎማው ጫማ ሲሆን ታያላችሁ። ያ የጎማ ጫማ፣ በረባሶው፣ ቤተልሔም ጥላሁን በፈረንጆቹ 2004 ሶልሬብልስ የሚባለውን የጫማ ድርጅቷን ስትጀምር ተነስታበት የዓለም ገበያ ውስጥ የገባችበት ነው፣ እኛ ግን የድሃ ጫማ ብለን አልፈነው ነበር። ችግሩ መርካቶ ጫጫታና ግፊያ ነው፣ ቆማችሁ ማሰብ አይቻልም፣ ስልካችሁንም አጥብቃችሁ ያዙ። እኔ የምሄደው ምን እንደምፈልግ ካወቅሁ በኋላ ነው። ራሴ ባዶ ሲሆን ከሄድኩ የማልፈልገውን ባልዲ ገዝቼ ነው የምመለሰው።

ከከተማ መውጣት

ጉዞ ከሁሉ ውዱ ነው፣ መኪና ተጋርታችሁም ቢሆን ሙሉ ቀን ይሄዳል። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ መብላት ዕረፍት ነው፣ እውነቱን ለመናገር እኔ አንድም ሐሳብ ይዤ ተመልሼ አላውቅም፣ ጠግቤ ነው የምመለሰው። ሐሳብ ከሆነ የምትፈልጉት ጥያ ይሻላል፣ በቡታጅራ መንገድ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። 36 ትክል ድንጋይ፣ በ1972 ዓ.ም ዩኔስኮ የመዘገበው፣ አብዛኞቹ ላይ ሰይፍ የተቀረጸ፣ አንዱ ላይ ጥቂት አንዱ ላይ ብዙ፣ ሌላም ቅጠል የሚመስል ምልክት አለ። ያለ አንድ ፊደል አንድ ነገር እየነገረ ነው፣ ምን እንደሆነ በርግጠኝነት የሚናገር ሰው የለም፣ ግን ምልክቶቹ ከድንጋይ ድንጋይ ስለሚደጋገሙ ዓይናችሁ ማንበብ ይጀምራል። አይከን፣ ማለትም እንደ ስልክ ላይ ያሉት ትንንሽ ምልክቶች፣ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ አንድ ቀን አይገኝም። በዛው መስመር ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጡሬ አሉ፣ ጠዋት በጊዜ ከወጣችሁ ከጥያ ጋር አንዱን ተረጋግታችሁ ታያላችሁ፣ ሦስቱንም በአንድ ቀን ከተመኛችሁ ግን ጥድፊያ ነው የሚሆንባችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ሰው ጠይቁ።

ታዲያ የቱ ለማን

ዛሬ ማታ ማስረከብ ያለበት ሰው ሌላ የትም አይሂድ፣ ደብተር ይዞ ቸርችል ይውረድና ይመለስ። ቀለም የጠፋበት ገብረ ክርስቶስ ጋ፣ ነገሩን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያቀርበው የጠፋበት ኢትኖሎጂ ሙዚየም። የሰርግ ልብስ ከሆነ ሽሮ ሜዳ፣ ግን ከመግዛታችሁ አንድ ቀን በፊት ለማየት ብቻ ሂዱ፣ ብር ቤት ትታችሁ፣ አለበለዚያ በመጀመሪያው ሱቅ ነው የምትሸነፉት። ልጆች ያሉት ሰው ብሔራዊ ሙዚየም፣ ሉሲን ካላሳያችኋቸው አይለቋችሁም። ሥራው ላይ ያለ ሠዓሊ ማየት የሚፈልግ ደግሞ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የምረቃ ሥራቸውን ሲያሳዩ ይጠብቅ፣ በ1950 ዓ.ም ገደማ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው፣ ገና ያልተዋጣለት ሥራ ታገኛላችሁ፣ እሱ ነው ደግሞ ደስ የሚለው፣ ሠሪውም አጠገቡ ቆሞ ስለሚገኝ መጠየቅ ይቻላል።

እኔ በወር አንዴ ሽሮ ሜዳ፣ ሲከፋኝ ቸርችል፣ በዓመት አንዴ ጥያ ነው ያዋጣኝ። ሸማኔዎቹ ጋ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ነገር፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ እና ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ ስኳርም ቡናም ቢሆን ያዙ፣ የሰው የሥራ ሰዓት ነው የምትወስዱት። ጥለቱ ጋ ደርሰው ሲቆጥሩ ደግሞ አታናግሯቸው። እኔ አንዴ አናግሬያቸው ቁጥሩ ጠፍቶባቸው አንድ ጣት የሚያህል ፈትተው እንደገና ጀምረዋል፣ "ምንም አይደል ልጄ" አሉኝ፣ ግን ሻይ እስኪመጣ ድረስ ቀና ብለው አላዩኝም።